ሳልልልሽ የቀረሁት ቃል

አስኩዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

ከተለየሽኝ እነሆ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ተዝካርሽም ሙት ዓመትሽም በወጉ ወጥቷል። ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ "ነፍስ ይማር" ብሎ ወደ ቤቱ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ስምሽን የሚያነሳ እየጠፋ መጣ። ጎረቤቱ እንዳላዝን ብሎ ይመስለኛል፣ እኔ ስደርስ ወሬውን ይለውጣል። የማወራው ሰው ባጣ ጊዜ፣ በልጅነቴ ቄስ ትምህርት ቤት በቆጠርኳት ፊደል ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። የግንበኛ እጅ መዶሻ እንጂ ብዕር አይለምድምና ጽሑፌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። ወይም ሳቂ። ሳቅሽን ባገኘሁት።

አስኩዬ፣ ቤታችን ሊፈርስ ነው። ወደ ኮተቤ የሚወስደው መንገድ ይሰፋል ተብሎ፣ ባለፈው ወር ሜትር የያዙ ሦስት ሰዎች እየለኩ እየለኩ እኛ ግቢ ደረሱ። የፊት ለፊቱን ግድግዳ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበት። ከመካከላቸው መዝገብ የያዘው ወጣት "ባለቤትስ፣ አባባ?" አለኝ። ሐሳቤ ሁሉ አንቺ ዘንድ ነበርና ስለ አንቺ የጠየቀኝ መሰለኝ። "ባለቤቴማ ሞታለች" አልኩት። ልጁ ደንገጥ አለ። "እግዜር ያጽናዎ" ብሎ መዝገቡን ገለጠና "ስማቸው ማን ነበር?" አለኝ። ነገርኩት። መዝገቡ ላይ ስምሽን ከነአባትሽ ጻፈው። የጠየቀኝ ስለ ቤቱ እንደነበር የገባኝ ከሄዱ በኋላ ነው። ሮጬ ላስተካክል አሰብኩና ተውኩት። እንደተጻፈ ይቅር አልኩ።

የዚያን ዕለት ደጃፉ ላይ ተቀምጬ፣ ቤት የገባን ቀን ያልኩት ነገር ሲያቃጥለኝ ዋለ። ታስታውሺዋለሽ። ጣሊያን ከወጣ ገና ጥቂት ጊዜው ነበር። ድንጋዩን ከየካ ተራራ ሥር ፈልጬ፣ ግማሹን በአህያ ግማሹን በትከሻዬ አምጥቼ፣ አንቺ ጭቃውን እየረገጥሽ፣ በሁለት በጋ የሠራነው ቤት ነው። የነፍስ አባታችን መምሬ ወልዴ ጠበል ረጭተው ባረኩልን። አንቺ በእንግዳው ፊት ቆመሽ "እኛማ እንግዶች ነን፤ ባለቤቱ ደጁን ከፍቶ አስገባን" አልሽ። እኔ ጠላው ሞቅ አድርጎኝ ነበር። "ባለቤቱ እኔ ነኝ! ድንጋዩን የተሸከምኩት እኔ እንጂ እሱ አይደለም!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። መምሬ ብቻ አልሳቁም። አንቺም አቀረቀርሽ። እንግዳው ከወጣ በኋላ ዕቃ እያጠብሽ፣ ቀና እንኳ ሳትዪ፣ "ተክሌ፣ ትከሻውንስ ማን ሰጠህ?" አልሽኝ። ያልሰማሁ መሰልኩ። ሰምቼሽ ነበር።

እንዲህ ነበርን። አንቺ ሁሉን ነገር የእግዜር ታደርጊዋለሽ፤ ላሚቱን፣ ጓሮውን፣ ጤናችንን። እኔ ደግሞ የኔ እላለሁ። በዚህ ብዙ ተጨቃጭቀናል፤ ብዙም ተሳስቀናል። ሰይፉ እስኪሞት ድረስ።

ልጃችን ስድስት ዓመት ሊሞላው ነበር። ኩፍኝ በአምስት ቀን ነጠቀን። ቀብረነው ስንመለስ፣ ለቅሶኛው ግቢውን ሞልቶት፣ አንቺ ደጃፉ ላይ ቆምሽና ወደ ላይ አንጋጠሽ "ጌታዬ፣ አደራህን እስከዛሬ ጠብቄልህ ነበር። ይኸው ተረከበኝ" አልሽ። እንባ አልነበረሽም። ያን ጊዜ ጠላሁሽ አስኩዬ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከልቤ ነው የጠላሁሽ። "አደራ ነው ልጄ? የሰው ዕቃ ነው? አንቺ እናት አይደለሽም!" ብዬ በሰው ፊት ጮህኩብሽ። እስከ አርባው ድረስ በአንድ ቤት ሁለት ባይተዋር ሆነን ከረምን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አታውቂም። አንድ ቀን ሲሚንቶ አልመጣም ተብሎ ከሥራ ሳይመሽ ተመለስኩ። ከጓሮ ድምፅ የሚመስል ነገር ሰማሁ። በግንቡ ጥግ አጮልቄ ሳይ፣ መሬት ላይ ተቀምጠሽ የሰይፉን እጀ ጠባብ አፍሽ ውስጥ ጎስጉሰሽ፣ ጨርቁን ነክሰሽ ትንቀጠቀጫለሽ። ጎረቤት እንዳይሰማሽ ነው። እኔም እንዳልሰማሽ ነው። በመጣሁበት እግሬ ቀስ ብዬ ወጣሁና እስኪመሽ ድረስ መንገድ ለመንገድ ዞርኩ። ማታ ስገባ እራት አቀረብሽልኝ። አየሁሽ አላልኩም። ይቅር በይኝም አላልኩም። ያን ቀን ባቅፍሽ ኖሮ ምን ይጎድልብኝ ነበር? ይኸው አሁን ነገርኩሽ፤ ለማይሰማ ጆሮ።

ስለ ጽጌ ልንገርሽ። ልጃችን ኮተቤ ትምህርቷን ጨርሳ አስተማሪ ሆናለች። የመደቧት ሩቅ ነው፤ ጎሬ። ሙት ዓመትሽን አውጥታ ስትሄድ "አባባ፣ አብረውኝ ይሂዱ፣ እዚህ ብቻዎን ምን ይሠራሉ?" አለችኝ። "እናትሽን ለማን ትቼ?" አልኳት። አለቀሰች። መልኳ አንቺን እየሆነ መጥቷል፤ ስታለቅስ ደግሞ ይብሳል። ፊቴን አዞርኩ። ዞር ስል የተቀየምኳት መሰላት።

አሁን ወደማልፈልገው ነገር ልምጣ።

ጡትሽ ላይ የወጣውን እብጠት ዓመት ሙሉ ደብቀሽኝ ኖርሽ። ለምን ብዬ ስጠይቅሽ "አንተ ከሱ ጋር ትጣላለህ ብዬ" አልሽኝ። ሐኪሙ አይቶሽ ሲያበቃ እኔን ወደ ውጭ ጠርቶ "ዘግይታችኋል" አለኝ። ከዚያ እንጦጦ፣ ጠበል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ገና ጎህ ሲቀድ ያንን ዳገት ወጣን። መጀመሪያ በእግርሽ፣ ኋላ በበቅሎ፣ በመጨረሻ በቅሎዋም ስታንገላታሽ በጀርባዬ። ባሕር ዛፉ መሐል እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ያጋጥሙን ነበር። አንዷ፣ ከሷ የሚበልጥ ሸክም ያጎበጣት፣ እኔ ቆሜ ሳለከልክ አይታኝ ሸክሟን ገደል አፋፍ ላይ ጣለችና "ወንድሜ፣ እህቴን በአንድ ወገን ልያዛት" አለች። እስከ ጠበሉ አብራን ወጥታ፣ ተመልሳ ሸክሟን አንስታ ሄደች። ስሟን እንኳ አልጠየቅናትም። አንቺ "አየህ ሰው ስትልክልኝ" አልሽ፤ ለሱ ነው የምትናገሪው፣ ለኔ አይደለም። እኔ በልቤ "ሰው ከምትልክ አታድናትም?" አልኩት።

ካህኑ ሲያጠምቁሽ ቆሜ እጸልይ ነበር። ጸሎት እንዳይመስልሽ። ክርክር ነው። "የኔ ናት፣ አትንካት" ነው የምለው። አንቺ ቁልቁለቱን ስንወርድ በጆሮዬ "ተክሌ፣ ለመዳኔ ብቻ አትለምን" አልሽኝ። "ሌላ ምን እለምናለሁ?" አልኩ። ጀርባዬ ላይ ክብደትሽ የልጅ ክብደት ሆኖ ነበር።

በሁዳዴ መካከል፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ጠራሽኝ። ጽጌ ጨርቅ እያጠበች ውጭ ነበረች። እጄን ያዝሽና "አንድ ነገር በልልኝ" አልሽኝ። "ምን ልበል?" "'ያንተ ናት፣ ውሰዳት' በለው። አንተ ካልለቀቅከኝ መሄዱ ያስፈራኛል።" ሃያ ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር ፈራሁ ስትዪ የሰማሁሽ ያን ቀን ብቻ ነው። ውሃ ብትጠይቂኝ ከእንጦጦ ጫፍ አመጣልሽ ነበር። የለመንሽኝ ግን ሦስት ቃል ነው። ሦስት ቃል! "አልልም" አልኩሽ። "የኔ ነሽ፣ አልልም!" እጄን መንጭቄ መዶሻዬን አንስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ያልታዘዝኩትን ድንጋይ መፍለጥ ጀመርኩ። ለምን እንደምፈልገው አላውቅም። እየመታሁ ጽጌ "አባባ! አባባ!" ስትል ሰማሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሜ መታሁ። ስገባ ሄደሻል።

ፈርተሽ ሄድሽ? ይኸን ነው የማላውቀው። ጽጌን ብዙ ጊዜ ጠየቅኋት። "አባባ፣ ዓይኗ በሩ ላይ ነበር" ከማለት ሌላ የምትነግረኝ የላትም። ዓይንሽ በሩ ላይ የነበረው እኔን እየጠበቅሽ ነው ወይስ እሱን? ዓመት ከሁለት ወር በዚህ ጥያቄ ተነሳሁ፣ በዚህ ጥያቄ ተኛሁ።

ቤተ ክርስቲያን መሄዴን አልተውኩም፤ አንቺን ለማስደሰት ነው። አቡነ ዘበሰማያት ሲደገም ከሰው ጋር እጀምራለሁ። "ፈቃድህ በሰማይ እንደሆነች እንዲሁም በምድር ትሁን" የሚለው ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። ሕዝቡ አልፎ ይሄዳል፤ እኔ እዚያው እቀራለሁ። አንድ እሁድ መምሬ ወልዴን አስቀርቼ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ዛፍ ሥር ተቀመጡና፣ አርጅተዋል አስኩዬ፣ ዓይናቸውም ደክሟል፣ "እኔም ልጄን የቀበርኩ ጊዜ ሦስት ዓመት ዘልዬዋለሁ" አሉኝ። ደነገጥኩ። "ቄስ ሆነው?" አልኳቸው። "ቄስ ሆኜ። መቅደስ ቆሜ።" "ከዚያስ አባቴ? እንዴት አሉት?" ትልቅ ነገር ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅኩ። "ከዚያማ ደከመኝ" አሉ። ሌላ አልጨመሩም። መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ።

እኔ ገና አልደከመኝም መሰለኝ። ወይም ደክሞኝ አላወቅኩትም።

ቤቱን ሌላ ሰው በዲጂኖ እንዲያፈርሰው አልፈለግሁም። ከሰኞ ጀምሮ እኔው ራሴ እያፈረስኩት ነው። ቆርቆሮውን አወረድኩ፤ በሩንና መስኮቱን ነቀልኩ። አሁን ግንቡ ላይ ነኝ። የገነባ ሰው ሲያፈርስ የቱ ድንጋይ የት እንደሚለቅ ያውቃል፣ ቶሎ ይሄዳል። ጎረቤቱ መጥቶ ቆሞ ያየኛል። "አይዞህ ተክሌ" ይላል። እኔም "እሺ" እላለሁ።

ድንጋዩን መምሬ አንቺ ላረፍሽበት መካነ መቃብር ቅጥር ጠየቁኝና ውሰዱት አልኳቸው። ትናንት የመጀመሪያው ጭነት ሲሄድ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው "የሱን ለሱ መለስክ፣ እግዚአብሔር ይቀበልህ" አሉ። መዋሸት አልቻልኩም። "መስጠት አይደለም አባቴ፤ የማስቀምጥበት ስላጣሁ ነው" አልኳቸው። "እሱ እንዲህ ያለውንም ይቀበላል። የብዙዎቻችን ስጦታ እንደዚያ ነው" አሉኝ። አሜን በል ብለው አልጠበቁኝም። አሜንም አላልኩም። አህዮቹን ተከትዬ አራገፍኩ፣ ደረደርኩ፤ ሥራ ነውና።

ከዚህ ወዲያ የምኖረው ከመቃብሩ ቅጥር ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ላሚቱን ለጎረቤት ሰጥቻለሁ። ልብስሽን ጽጌ ወስዳለች፤ ነጠላሽን ብቻ አስቀርቻለሁ። ሌላ የምነግርሽ የቤት ወሬ የለኝም፤ ቤትም የለምና።

አስኩዬ፣ ዛሬ ማለዳ፣ ሰው ሳይመጣ፣ መቃብርሽ ዘንድ ሄጄ ያን ቃል ልልልሽ ሞከርኩ። "ያንተ ናት" አልኩ። ሦስተኛውን ቃል ልጨምር ስል አልቻልኩም። ደግሜ ሞከርኩ፣ አሁንም እዚያው ላይ ቀረሁ። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ግማሹ እንኳ ደርሶሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ደርሶሽ ከሆነም ዘግይቷል። ፈራሁ ያልሽኝ አንቺ ብቻሽን ሄደሻል፣ ይኼ አይመለስም።

ቃል የምገባልሽ ይህን ብቻ ነው። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ስምሽ ሳይጠራ የሚነጋ ቀን አይኖርም። ጽጌም በሕይወቷ ትጠራሽ ይሆናል። ከሷ በኋላ ግን አስካለ የምትባል ሴት የካ ሥር እንደኖረች፣ ጭቃ ረግጣ ቤት እንደሠራች፣ ጨርቅ ነክሳ ልጇን እንዳለቀሰች የሚያስታውስ ሰው አይኖርም። አንቺን ለዘለዓለም የማስታወስ አቅም የለኝም። ፈልጌ ሳይሆን ሌላ ሰው ስለሌለኝ፣ ይህን አንዱን ለእሱ ትቼለታለሁ።

ባልሽ፣ ተክሌ