ጋሼ ድራጎና «ኔቹ»

በ1998 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በአንድ የቫን ናይስ አፓርታማ ግድግዳ በኩል የስልክ ንግግር ተሰማ። ቋንቋው ሰርብኛ ስለነበር አብዛኛው ከአእምሮ ጠፍቷል፤ ጋሼ ድራጎ ደጋግመው የጮኹባት አንዲት ቃል ግን ቀርታለች፦ «ኔቹ! ኔቹ!»

በዲቪ መጥቶ ሳሎን ይተኛ የነበረው የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ፍሬው፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ ኔቹ የታመመ ዘመድ ስም መሰለው። ቤተ ክርስቲያን ሄዶም ለጸሎት አስመዘገበው። ቄሱ «የክርስትና ስም ነው?» ቢሉት «አባ፣ ሰርብ ናቸው፤ ሌላ ስም አላውቅላቸውም» አለ።

አቶ ድራጉቲን ቬስኮቪች፣ ሁላችንም ጋሼ ድራጎ የምንላቸው፣ ከባቡር ሠራተኛው ከአቶ ፔታርና ከወይዘሮ ዞርካ በሰርቢያ፣ በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ በማርች 1951 ተወለዱ። ቤልግሬድ ሕግ ተማሩ። እዚያው ፋርማሲ ይማሩ ከነበሩት ከወይዘሮ ሽታዬ ጋር በ1986 ተጋብተው ልጃቸውን ናዝራዊትን ወለዱ። በ1990 ፓርላማ ገቡ፤ በዓመቱም የአንድ ብሔርተኛ ፓርቲ መሪ ሆኑ። ሲናገሩ አደባባዩ ይሞላ ነበር። በ1992 የከተማቸው ዘጠኝ ሰዎች ስም በሰፈረበት ወረቀት ላይ ፈረሙ። ሰዎቹ በአውቶቡስ ተወሰዱ፤ አልተመለሱም። ይህ ከዚህ ጽሑፍ እንዳይዘለል ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በ1996 ከነቤተሰባቸው ሎስ አንጀለስ ገቡ።

እዚህም ሳንታ ሞኒካ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ የእንግዳ መኪና ፓርክ እያደረጉ ኖሩ። መቀመጥ አይሆንላቸውም ነበር። ፌርፋክስ፣ ሐበሻ ምግብ ቤት፣ ምሳ ቀርቦ ሳያልቅ ተነሥተው እስከ ፒኮ ጎዳና ሄደው ይመለሳሉ። እትዬ ሽታዬ «ድራጎ፣ ወንበሩ ይነክስሃል እንዴ?» ይሏቸው ነበር። በየዓመቱ ዲሴምበር ላይ ያ ስልክ ሲጮኽ ደግሞ ይብስባቸዋል። የምትደውለው ከዘጠኙ የአንዱ እህት፣ ሚሊጻ ነበረች። ጥያቄዋ አንድ ነው፦ አውቶቡሱ የት ቆመ? ጋሼ ድራጎ ያውቁ ነበር።

በ2010 ፍሬው «ጋሼ፣ ለመሆኑ ኔቹ ተሻላቸው? አሥራ ሁለት ዓመት ጸለይኩላቸው እኮ» አላቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንባቸውን እየጠረጉ በዚያ በሚሰባበር አማርኛቸው፦ «ኔቹ ሰው አይደለም። እምቢ ማለት ነው። ግን ስሙን እንዳታሰርዝ፣ ፍሬው። ኔቹ እኔ ነኝ» አሉ።

በ2023 የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ሲታከሙ ቆይተው ጃንዋሪ 11 ቀን 2024 በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው ናዝራዊትና የልጅ ልጃቸው ካሌብ ከእኛ ጋር አሉ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ የዘጠኙንም ነፍስ ይማር፤ ከማረፋቸው በፊት የነበረችውንም የዲሴምበር ጠዋት ያስብላቸው።

በዚያች ጠዋት ሚሊጻ ደውላ እንደ ሁልጊዜው ጠየቀች። ጋሼ ድራጎ በዚህ ጊዜ ግን «ሆቹ» አሉ። እሺ ማለት ነው። ናዝራዊት ስልኳን አውጥታ ትቀርጽ ጀመር። እርሳቸውም ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡና፣ አውቶቡሱ ከቆመበት ከድንጋይ ካባው ጀምረው፣ እስኪጨርሱ አንድ ጊዜም ሳይነሡ ተናገሩ።