ያልተንቀሳቀሰው ቁጥር

ለውድ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ይይዝዎታል? እማዬን ሳሉ ለቀቃት ወይስ መድኃኒቱን እየደበቀች ነው? እኔ ጤናዬ ሙሉ ነው፤ ከስታለች እያሉ የሚያወሩትን አይስሙ።

ሁለት ደብዳቤ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። እንደተቀየሙኝ አውቃለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ጠዋትና ማታ ወንዙ ዳር ወርደው፣ የውሃውን ከፍታ ከተተከለው ብረት ላይ አንብበው በደብተር ሲመዘግቡ ኖረው፣ መሣሪያ መጣና «በቃዎት» ተባሉ። መሣሪያውን ልትተክል የመጣችው ደግሞ የገዛ ልጅዎ ሆነች። ያን ቀን ፊትዎን ማየት ከብዶኝ፣ የጠበቀ ብሎን ሳጠብቅ ነው የዋልኩት።

አሁን የምሠራው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን አለ፤ ወንዙ ላይ የተተከሉት አሥራ አንድ መሣሪያዎች በየሩብ ሰዓቱ የውሃውን ከፍታ ይልኩልናል። ወንዙ ድንበር ተሻግሮ በሚገባበት ጎረቤት አገርም እንዲሁ የሚከታተል ክፍል አለ። እዚያ ያለችውን ባለሙያ በአካል አይቻት አላውቅም፤ በስልክ ግን «እህት ዓለም» ነው የምንባባለው።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከላይኛው ጣቢያ የሚመጣው ቁጥር ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት ይላል። ከሩብ ሰዓት በኋላም ያው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያው። አለቃዬ «ወንዙ ተረጋግቷል፤ ምን አስጨነቀሽ?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጠንቃቃ ነው። እኔ ግን ቁጥሩን አላመንኩትም። እርስዎ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲያገኙ፣ ውሃ እንዲህ ተጎልቶ አይቀመጥም ብለው ተመልሰው ይወርዱ ነበር።

እዚያ ጣቢያ አጠገብ ሰው የሚያሻግር ባለ ጀልባ አለ። ደወልኩለትና ወርዶ እንዲያይልኝ ለመንኩት። ሲመልስልኝ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ጀልባዬን ዛፍ ላይ አስሬ ነው የመጣሁት። መሣሪያሽን ደለል ውጦታል፤ ብረቱ ላይ ያለው ቀዩ የአደጋ መስመርም ከውሃው በታች ነው» አለኝ። ለካስ መሣሪያው ተቀብሮ፣ መጨረሻ ያየውን ቁጥር ነበር እየደጋገመ የሚልክልን።

ጎርፉ ከድንበሩ ማዶ ካሉት መንደሮች ለመድረስ ቢበዛ አምስት ሰዓት ነው የሚፈጅበት። ደንቡ ደግሞ መሣሪያ ያላረጋገጠው መረጃ ለማዶ የሚላከው የበላይ ኃላፊው ፈርመውበት ነው ይላል። እሳቸው ስብሰባ ላይ ናቸው። አለቃዬ «ውሸት ቢሆን ሁለት አገር ፊት እንዋረዳለን» አለ። «እውነት ቢሆንስ?» አልኩት። መልሱን ሳልጠብቅ ስልኩን አነሳሁ።

እህት ዓለም «በዓይኑ ያየ ሰው አለ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። «አለ» አልኳት። ሌላ ቃል ሳትጨምር ዘጋችው።

ማዶ የሦስት መንደር ሰው ወደ ከፍታ አወጡ። ውሃው ሲደርስ የሽንኩርቱን ማሳና የመስኖ ሞተሮቹን ጠርጎ ሄደ፤ ታስረው የቀሩ ከብቶችም አለቁ። ሰው ግን አልሞተም። እህት ዓለም ይህን ልትነግረኝ ስትደውል ድምጿ ይቆራረጥ ነበር፤ እናቷ ከመንደሮቹ በአንዱ እንደምትኖር ያወቅሁት ያኔ ነው።

በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። አለቃዬ ሲሰጠኝ ዓይኔን ማየት አቃተው። ነገር ግን ስብሰባ ላይ ተነስቶ «እሷ ባትደውል እኔ አልደውልም ነበር» ማለቱን ጸሐፊዋ ነገረችኝ። አሁን ሁለቱ ወገኖች አደጋ ሲታይ በቀጥታ እንዲደዋወሉ፣ በየጣቢያውም ከመሣሪያው ጎን በዓይኑ የሚያነብ ሰው እንዲመደብ ተስማምተዋል። አንባቢዎቹን የሚያሠለጥን ሰው ሲፈለግ፣ ሳላስፈቅድዎት የእርስዎን ስም ሰጠሁ።

አባባ፣ መሣሪያውን አልንቀውም፤ እኛ ስንተኛም ይሠራል። ግን «በቃዎት» ሲሉዎት «አልበቃቸውም» ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ይቅር ይበሉኝ።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ። ታናሽ እህቴን፣ ልጇ ጥርስ ሲያበቅል ፎቶ ትላክልኝ ይበሉልኝ። ወንድሜን፣ ስልክ ሲጮህ ማንሳት ይልመድ ይበሉልኝ። አክስቴን፣ የሬዲዮኗ ድምፅ እዚህ ድረስ ናፍቆኛል ይበሏት። ለእርስዎ የወረቀት ሰላምታ አልልክም። ሥልጠናው በመጪው ወር እዚህ ይጀመራል፤ እኔ ፍራሽ ገዝቼ መሬት ላይ ማደር ጀምሬያለሁ፤ አልጋው የእርስዎ ነው።

መካከለኛዋ ልጅዎ

ከወንዙ መረጃ ክፍል፣ ሁለተኛ ፎቅ
ነሐሴ ፲፱ ቀን