ካሊሮይ ከመርከብ እንዳትወርድ ላዘዙት የፔላዳ ወደብ ኃላፊ

ለተከበሩ የፔላዳ ደሴት ወደብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ነፋስ በማይደርስበት ቢሮዎ፣ በሙሉ ጤንነትና በመልካም የምግብ ፍላጎት ላይ እንዳሉ እንዲያገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ። ባለፈው ሐምሌ ለዕረፍት ስንመጣ ላደረጉልን አቀባበል ምስጋናዬን በወቅቱ ባለማቅረቤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ኢቫንቲያ እባላለሁ፤ የፒሬዎስ ነዋሪ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ የሸሚዝ ፋብሪካ፣ በአንድ ረድፍ ተቀምጠን ከሰፋን አራት ሴቶች አንዷ ነኝ፤ ሌሎቹ ፎቲኒ፣ አርጊሮና ካሊሮይ ናቸው። ካሊሮይ የተወለደችው እርስዎ ወደቡን በሚጠብቁላት ደሴት ሲሆን፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ወጥታ አልተመለሰችም። በየዓመቱ “የሚመጣው በጋ ይዣችሁ እሄዳለሁ፣ ካባቴ ደጃፍ ተቀምጣችሁ እግራችሁን ባሕር ውስጥ ትነክራላችሁ” ስትለን ኖረች፤ አንዴ የልጅ ሠርግ፣ አንዴ የባል ሕመም እየሆነ ጊዜው ሄደ። ባለፈው ሰኔ ሐኪሟ ሌላ በጋ እንደማታይ ለእኛ ነገረን፤ ለእሷ አልነገራትም፣ እሷም እንዳላወቀች ሆነችልን። በተሽከርካሪ ወንበር አስቀምጠናት መርከብ ተሳፈርን። ሰባት ሰዓት ሙሉ የአርጊሮን ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ ከመርከቡ አፍንጫ አልነቀልም አለች፤ ያን ቀን ከሁላችንም የተሻለ ትተነፍስ ነበር። ምስጋናዬም የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ከሆነው ነው።

፩ኛ/ ስለ አዲሱ ወደብዎ። ሪባኑን ሲቆርጡ በጋዜጣ አይተንዎታል። መርከብ ሊጠጋው አለመቻሉ እንደ ነውር የሚወራው በምቀኞች መሆኑን አልጠራጠርም፤ ለፎቶግራፍ ግን እጅግ ያማረ ነው። እንግዲህ መርከቡ ራቅ ብሎ ቆመ፤ መንገደኛውም ወደ ትንሽ ጀልባ መውረድ ጀመረ።

፪ኛ/ በጀልባው ላይ ስላቆሙት መኮንን። ጨዋ ሰው ነው። “እማማ፣ በወንበር ያለ ሰው ያለ ፈቃድ አናወርድም” አላት ካሊሮይን። ፈቃዱ የት እንደሚገኝ ብጠይቀው በጣቱ ወደ ደሴቱ አሳየኝ፤ ባለጉዳዩ ከሁለት ቀን በፊት ራሱ ቀርቦ መፈረም አለበት አለ።

“ታዲያ ወርጄ ፈርሜ ልመለስና ልውረድ?” አለችው ካሊሮይ።

መኮንኑ ፊቱ ቀላ። ሁለት መርከበኞች በክንዳቸው አቅፈው ሊያወርዷት ተነሥተው ነበርና እርስዎን በሬዲዮ ጠየቀ። “ደንብ ደንብ ነው፣ መርከቡን አታስቁም” ሲሉ ሁላችንም ሰማን። ባለሥልጣን እንዲህ አጭርና ግልጽ አድርጎ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም፤ መርከበኞቹም እጃቸውን ሰበሰቡ።

፫ኛ/ ያጎቷን ልጅ ስትራቲስን ከወደቡ ጫፍ ስላላባረሩልን። ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ሲጠብቃት ነበር። እየጮኸ የሚነግራትን ነፋሱ ወሰደው፤ ኮፍያውን አነሣላት፣ እሷም ባርኔጣዋን አነሣችለት። “አርጅቷል” አለችን።

ቀጥላም ሦስታችንንም ውረዱ ብላ ተቆጣች። “ቢያንስ አንዳችሁ ቤቱን አይታችሁ ንገሩኝ” ስትል ፎቲኒ እያለቀሰች ወረደች፤ አርጊሮና እኔ ከካሊሮይ ጋር ቀረን። መርከቡም ዞረ።

፬ኛ/ ወደ ወደብዎ ስለሚወስደው መንገድ። አስፋልቱ ለስላሳ መሆኑን ፎቲኒ መስክራለች። የካሊሮይ አባት ቤት ከነግቢው የፈረሰው ለእርሱ ሲባል ኖሯል። ፎቲኒ እዚያው መንገዱ ዳር ቆማ ደወለችልን። በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቀው ሴት፣ የሌለውን ቤት ክፍል በክፍል ነገረቻት።

“መስኮቱስ?” አለች ካሊሮይ።

“አረንጓዴ ነው፤ አሁን በቅርብ የተቀባ ይመስላል።”

“ድሮ አረንጓዴ አልነበረም” አለች ካሊሮይ። ስልኩን ስትመልስልኝ “ፎቲኒ ደግ ናት” አለችኝና ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ሦስታችን ተመልሰን ፒሬዎስ ገባን። ደሴቱ ላይ አራት አልጋ በተከራየንበት ቤት ፎቲኒ ብቻዋን ሰነበተች፤ እግሯንም ባሕር ውስጥ አልነከረችም።

ካሊሮይ በጥቅምት ዐረፈች። ከወላጆቿ ጎን ልቀበር ብላ ስለነበር በዚያው መርከብ ይዘናት መጣን። ነፋሱ ከሐምሌው ይብስ ነበር። ሆኖም ያው መኮንን፣ በዚያው ጀልባ፣ ፈቃድ ሳይጠይቀን ተቀበላት፤ ቆቡንም አወለቀላት። ሣጥን በዕቃ መዝገብ ስለሚገባ የመንገደኛ ደንብ አይመለከተውም አለን። እንባው እየወረደ ነበርና አልተቀየምነውም። ስትራቲስ ከእኛ ጋር ተሸከማት።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሰውን በሕይወቱ ከልክሎ በሞቱ የሚያስገባ ሥርዓት በንጽሕና ጠብቀው ስላቆዩልን፣ በሦስት አሮጊቶች ስም፣ ከወንበርዎ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ሳይነሡ ስላደረጉልን ሁሉ፣ እጅ በመንሣት እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ
ኢቫንቲያ ካሪዲ፣ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ

በተጨማሪ፦ የሙት ዓመቷን በመቃብሯ ላይ ለማሰብ በጥቅምት እንመጣለን። የፎቲኒ ጉልበት ካለፈው ብርድ ወዲህ አልታዘዝ ብሏታል፤ አርጊሮም በምርኩዝ ነች። በመንገደኛ መስኮት ወይስ በዕቃ መስኮት እንድናመለክት የሚፈቅዱልን መሆኑን፣ ሁላችንም በሕይወት ሳለን ቢያሳውቁን ውለታዎ አይረሳም።