ለመድኃኒት የተቀዳችው እንሽላሊትህ

ውዴ ምስጋናው፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ሊሞላህ ነው። ቤታችን ደህና ነው፤ የሚያፈሰውን ጣሪያ አስቀየርኩት። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ላለቅስብህ አይደለም። ደስ ብሎኝ ነው።

ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ዕረፍት ባገኘህ ቁጥር ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርደህ ዛሪማ ቆላ ድንጋይ ስትገለብጥ፣ ጎረቤቱ ወርቅ ይፈልጋል እያለ ያማህ ነበር። አንተ የፈለግኸው ማንም ያልመዘገባትን አንዲት ትንሽ እንሽላሊት ነው። አገኘሃትና ፎቶ አንስተህ አረቄ የሞላ ጠርሙስ ውስጥ ከተህ ቁምሳጥን አስቀመጥካት። አዲስ አበባ ወስደህ ለዩኒቨርሲቲው ምሁር ሳታሳያት ሞት ቀደመህ። ልጅ አላፈራንም፤ ስምህን የምታስጠራልህ እሷ ብቻ ነበረች።

በአርባህ ዕለት ግን ጉድ ሆንን። ድንኳኑ ውስጥ መጠጥ ሲያልቅ ወንድምህ አያሌው ጠርሙስህን አገኘ። ከታች የተጋደመችውን ሲያይ ሥር የተዘፈዘፈበት የመድኃኒት አረቄ መሰለውና ለሽማግሌዎቹ እየዞረ ቀዳላቸው። ለሆድ ፍቱን ነው ብለው መረቁት። እግርና ጅራት የታየው ጠርሙሱ ሲገባደድ ነው። ግማሹ ሊያስመልሰው ሮጦ ወጣ፣ ግማሹ ተንከተከተ። እኔም ከሞትክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ለካስ አያሌው ደንግጦ ሽንት ቤት ጥሏታል። ስሰማ ሳቄ ደረቀ።

የአዲስ አበባው ምሁር ያነሳሃትን ፎቶ ብልክለት፣ አካሏ ካልተገኘ በፎቶ ብቻ አዲስ ዝርያ ናት ማለት አይቻልም አለኝ። በረሮ ሳይ የምጮኸው እኔ፣ አያሌውን አስከትዬ ዛሪማ ወረድኩ። ሙቀቱ አናቴን ሲበሳኝ ሰደብኩህ፤ ይቅር በለኝ። መጀመሪያ ባዶ እጃችንን ተመለስን። ደግመን ስንወርድ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አያሌው ጮሆ ጠራኝ። ከጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ነበረች፤ ግራጫ ጀርባዋ ላይ ፎቶው ላይ ያሉት ቢጫ ነጥቦች። በሁለት እጄ ከደንኳት። ልቧ መዳፌ ላይ ይመታ ነበር፤ አሳዘነችኝ። ከጤና ጣቢያ በለመንኩት አልኮል አስቀመጥናት። አያሌው አዲስ አበባ እስኪያደርሳት ከጉያው አላወጣትም።

ትናንት ተደወለልኝ። ከሚታወቁት ሁሉ ጋር አመሳክረዋታል፤ ጣቷም ቅርፊቷም የማንንም አይመስልም። አዲስ ናት! እፎይ፣ ምስጋናው፤ ሸክሙ ወረደልኝ።

በማን ስም ትጠራ ሲሉኝ ባንተ አልኩ። የክርስትና ስምህን በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን አስጠራልሃለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም። የዓለም ስምህን ግን እኔም ካለፍኩ በኋላ የማያውቁህ ሰዎች ይጠሩታል።

ሚስትህ የሺ