ቁልፉ ውሃ ውስጥ ነው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? መድኃኒቱን እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አድለሽው እንዳይሆን ብቻ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽሽ ነበር፤ ግን ታውቂብኛለሽ። ፈርቻለሁ።

መጽሐፍ ስጠርዝ፣ ሙጫው እስኪደርቅ የያዝኩትን እንደማነብ ታውቂያለሽ። ዓምና ከአንድ ሆስፒታል ጀርባው የተገነጠለ መጽሐፍ መጣልኝ፤ አንዲት የሥነ ልቦና ሐኪም ያከሟቸውን ልጆች ታሪክ ስም ሳይጠሩ የጻፉበት ነው። አንደኛው ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው። አባቱ ቤት ውስጥ ተቃጥሎ ከሞተ በኋላ በር ባየ ቁጥር ሰባቴ ያንኳኳል። ስምንት ወር ሙሉም ከአንዲት ዓረፍተ ነገር በስተቀር ምንም አልተናገረም። ምን ይል እንደነበር መጽሐፉ አይገልጽም። ልጁ አንጀቴን በላው፣ ለባንዳችን ዘፈን አደረግሁት።

አንቺ «የቆርቆሮ ድብደባ» የምትይው ፖስት ፓንክ የሚባለው ሙዚቃችን ለዚህ አይነቱ ነገር የተፈጠረ ነው፤ ከበሮው ሰባቴ ይመታል፣ ቤዝ ጊታሩ እዚያው ይመላለሳል፣ እኔ እጮሃለሁ። ለአዝማቹ ቃል አጥቼ ስቸገር፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ «ቁልፉ ውሃ ውስጥ ነው» የሚል አፌ ላይ መጣ። ከበሮ መቺያችን ምን ማለት ነው ቢለኝ፣ ዘፈን ነው እባክህ፣ ዝም ብለህ ምታ አልኩት።

እሁድ ከሰዓት ተጫውተን ስንጨርስ ሽበት የወረሳቸው ሴትዮ መድረኩ ሥር መጡ። ያን መጽሐፍ የጻፍኩት ሐኪም ነኝ አሉኝ። አዝማቹን ማን እንደነገረኝ ጠየቁኝ። ልጁ እንዳይታወቅ ብለው ከመጽሐፉ ያስቀሩት፣ ለማንም ተናግረውት የማያውቁት ያ የልጁ ዓረፍተ ነገር ነው አሉኝ። ቀጥለው ዕድሜዬን ጠየቁኝ። ስነግራቸው ፊቴን ብዙ አዩኝና፣ እናትህ ደህና ናቸው ወይ ብለውኝ ሄዱ።

እማዬ፣ አባባ ባሕር ማዶ ሥራ ሄዶ በዚያው ቀረ ብለሽኛል። አሮጌውን ቤት የለቀቅነው ጣሪያው ስለሚያፈስ ነው፣ ግራ ክንድሽ የተጣመመው ከደረጃ ወድቀሽ ነው ብለሽኛል። ሁሉንም አምኜሻለሁ። ከእሁድ ወዲህ ግን አንድ ነገር አልለቅ አለኝ። ግቢው ውስጥ ቆመናል፣ ቤቱ ይነዳል፣ የያዝሽኝ እጅሽ እስከ ክርንሽ ርሷል። ከውሃው በርሜል ውስጥ ባዶውን ያወጣሽው አሁን ነው። እሳቱን ልታጠፊ ነው እንዳልል ባልዲ አልያዝሽም። በሩ ከውስጥ ይንኳኳል። ሰባት ድረስ ቆጥሬያለሁ።

ቅዳሜ ዘፈኑን እንቀዳለን፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ብዙ ነው። ጓደኞቼ ያለ አዝማቹ ዘፈን የለም ብለው ድርቅ ብለዋል። አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ፤ ልዝፈነው ወይስ ልተወው? ሌላውን አትንገሪኝ፣ መስማት እፈራለሁ። ይህንንም አንብበሽ ስትጨርሺ ቀዳደሽ ጣይው እንጂ እሳት ውስጥ አትክተቺው።

እግዚአብሔር እጆችሽን ይጠብቅልኝ። እስከ ዛሬ እኔን የጠበቁኝ እነሱ ናቸው።

እጅሽን ይዞ የቆመው
ልጅሽ