ዋርካውን ብርድ ነው ምች የመታው?

ታኅሣሥ 2፣ ጠዋት 1፡00

ጆንያውን ገለጥኩ። ሰባት ቅጠል ረግፏል። ትናንት አራት ነበር። ጭዱ ላይ ውርጭ፤ ጣቴ ደንዝዟል። ደብተሬ፣ ይሄ ዛፍ ምን ፈልጎ ነው?

ቁመቱ ክንድ አይሞላም፤ ግንዱ ግን የሽማግሌ ነው። ድንክ ዋርካ። ሰሚራ ቦንሳይ ትለዋለች። አባቷ ድሬዳዋ ላይ ቅርንጫፉን በሽቦ እያጎበጡ፣ ሥሩን እየከረከሙ፣ በዝርግ ሸክላ ያሳደጉት ነው። እሳቸው አርፈዋል። ከእጃቸው የቀራት ይሄ ብቻ። ሰሚራ እዚህ ብቸና ጤ/ጣቢያ አዋላጅ ነበረች፤ ሞጣ ተዛወረች። ግቢ ያለው ቤት እስካገኝ ብላ ለእኔ አደራ ሰጠችኝ። የድሬዳዋ ዛፍ፣ ለብቸና ብርድ!

ታዲያ ቤት አታስገቢውም ትለኝ ይሆናል። እማዬ አሻፈረኝ ብላለቻ። ዋርካ የአድባር ነው፣ አድባር ጣሪያ ሥር አይገባም። አንቺ ክርስቲያን አይደለሽ እንዴ ስላት፣ ነኝ፣ ግን አልደፍርም አለች። በቃ።

ታኅሣሥ 5፣ ከሰዓት 10፡00

የከሰዓት ፀሐይ ወደሚመታው ግድግዳ አዛወርኩት። ከሥሩ ጡብ፣ ዙሪያውን ጭድ፣ ከላይ ጆንያ፣ ከጆንያው ላይ ላስቲክ። ለክረምት የተሰናዳ ቀፎ መስሏል።

ሰሚራ ደወለች። ውሃ ጠዋት ብቻ። ሽፋኑ ማታ ይልበስ፣ ጠዋት ይነሳ፣ እንዳትረሺ። እንዴት ነው አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። ለምን ዋሸሁ? መጽሔት ላይ በምጽፈው የምክር ዓምድ ስንቷን አንባቢ ነው እውነቱን ንገሪው፣ ይቅለልሽ ያልኩት!

ታኅሣሥ 8፣ ከሰዓት 11፡30

ጉድ ሆኛለሁ። ለቅሶ ልደርስ በማለዳ ጉንደ ወይን ወጣሁ። (እዚያ የሰማሁት ወሬ የራሱን ገጽ ይፈልጋል።) ላስቲኩን ሳላነሳ! ስመለስ ውስጡ አልቦት፣ ቅጠሉ እንደተቀቀለ ጎመን ዝልፍልፍ ብሏል።

እማዬ ጎንበስ ብላ አየችው። ምች ነው አለች። ብርድ ነው አልኩ። ምች ነው። እማዬ፣ ዛፍን ምች አይመታውም! ላብ ላይ ፀሐይ ሲወርድበት ታዲያ ምን ይባላል? ማታ ብርድ፣ ቀን ምች ይሆን? ሁለቱም? ወይስ ውሃ አብዝቼበት ነው?

ታኅሣሥ 9፣ ጠዋት 1፡30

ዛፉ ዳማ ከሴ ዳማ ከሴ ይሸታል። እማዬን ጠየቅኳት። እኛን ምች ሲመታን እንደምታደርገው ጨምቃ ቅጠል በቅጠል አሽታዋለች። ቤት የማይገባ በሽተኛ መድኃኒት ይከለከላል እንዴ አለችኝ። ልሳቅ ልናደድ? ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 14፣ ምሳ ሰዓት

ሰሚራ ቤት አገኘች። ቅዳሜ ልትወስደው ትመጣለች። ደስታዋ በስልክ ይፈስሳል። ዛፉ ላይ የቀረው ሁለት ቅጠል ነው።

ጎረቤታችን ወ/ሮ ጥሩነሽ ደረሰችበት (እሷ ያልደረሰችበት ምን አለ?)። ከወፍጮ ቤቱ ግንብ ስንጥቅ የዋርካ ችግኝ በቅላለች፣ ነቅለሽ ሸክላው ላይ ትከያት፣ ማን ያውቃል አለችኝ። ሄድኩ። አየኋት። ለምለም ናት። ግን የአባትየው ሽቦ የተወው ጠባሳ ከየት ይመጣላታል? ባዶ እጄን ተመለስኩ። እስከ ግንቡ መሄዴ ራሱ ግን... ምን ነክቶኝ ነው?

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ፣ ከሰዓት 11፡00

ሁለቱም ረገፉ። ግንዱን በጥፍሬ ፋቅሁት። ከላይ ቡናማ፣ ደረቅ። ወደ ሥሩ አረንጓዴ? ቢጫ? አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ይመስለኛል። እማዬ አረንጓዴ ነው አለች፤ እሷ ደግሞ ዓይኗ ላይ ሞራ አለባት።

ነገን መጠበቅ አቃተኝ። ለሰሚራ ደወልኩላት። ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ ውርጩን፣ ላስቲኩን፣ ዳማ ከሴውን፣ ውሸቴን፣ ችግኟን ሳይቀር። አልተቆጣችም። ዛሬ የት ነው የሚያድረው አለች ብቻ። ውጭ አልኩ። እናትሽን አገናኚኝ አለች።

እማዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እሺ፣ እሺ ልጄ፣ ውይ እኔን፣ ትላለች። ብዙ ቆየች። ስልኩን መለሰችልኝ፤ ወጣች፤ ዛፉን ከነሸክላው በነጠላዋ ጠቅልላ ገባች። ቀጥታ ወደ መኝታ ቤቷ።

አድባሩስ አልኳት።

«አድባር ከተቆጣ እኔን ይጠይቀኝ። ሰሚራ ነገ ትምጣ፣ ትየው። ሞጣም ያው ብርድ ነው፤ ውርጩ ሳያልፍ ከዚህ ንቅንቅ አይልም። አንቺ ግን እንዳትነኪው!»

ምን እንደተባባሉ ብጠይቅ ብለምን አልነገረችኝም። አሁን በሩ ተዘግቷል። ድምፅዋ ይሰማኛል፣ ቀስ ብላ ታወራለች። ለዛፉ? ለሟቹ? ለአድባሩ? ደብተሬ፣ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ጆሮዬን በሩ ላይ ላደርግ ነው። ቆይ፣ የሰሚራን አባት ስም እየጠራች፣ ዛፍዎ እኔ ዘንድ ነው ትላለች።