ሐሙስ ቀን የተቆጠረው ሰፈር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲያ ስለሚጀመር ብቻ ነው። ስልክ ብታነሳ ኖሮ ይህም አይደርስህም ነበር፤ የሆዴን በጆሮህ ነግሬህ እገላገል ነበር።

የድንበሩ አካባቢ መልሶ ልማት በጀት ጸደቀ የተባለ ዕለት ሰፈሩ እንዴት እንደፈነደቀ ልንገርህ። ከወንዙ አፋፍ ላይ ሰው መኖሩን መንግሥት ከረሳው ስንት ዘመኑ። አንድ ድልድይ፣ እሱም ግማሹ የድንበር ማዶዎቹ፣ ሌላ ምን ነበረን? ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው፣ «የኛ ልጅ የልማቱ ቢሮ አለቃ ሆኖ ሳለ ከእንግዲህ ማን ይረሳናል?» እያለ ደንበኛ ሁሉ ላይ ተኮፈሰ። እኔም ኮራሁ። የእግር ስፌት መኪናዬን በኤሌክትሪክ ልቀይር ሁሉ አስቤ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ።

ከዚያ አጥኚዎችህ መጡ። ሐሙስ ቀን።

ሐሙስ እኛ ሰፈር ምን እንደሆነ ለሌላ ሰው አስረዳለሁ፣ ላንተ ማስረዳት ግን ያሳፍረኛል። ሰፈሩ በሙሉ ቤቱን ቆልፎ ማዶ ገበያ ይሻገራል። አክስታችን እዚያ ናት፣ የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት እዚያ ነው፣ እኔ ጨርቅ የማመጣው ከዚያ ነው። አንተም ደብተር የሚገዛልህ እዚያ ነበር። አጥኚዎቹ በር አንኳኩ፣ መልስ ሲያጡ «ነዋሪ የሌለበት» ብለው ጻፉ፣ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ አድርገው ሄዱ።

እማዬ ስትመለስ በሩን አይታ፣ «ልጄ መብራት ሊያስገባልን ነው» አለች። ጫማ ሰፊው የራሱን በር በቤንዚን ሊያጸዳ ሲል ተቆጣችው። «እረፍ አንተ ሰውዬ። የልጄን ምልክት አጥፍተህ ኋላ ጨለማ ውስጥ ብትቀር ደጄ እንዳትመጣ።» ከዚያ ወዲህ በሯን ስትወለውል ቀለሙን እንዳትነካው እየተጠነቀቀች ነው።

እኔ ስህተት መስሎኝ ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብዬ አጥኚዎቹን ረግሜ ተውኩት። ባለፈው ሳምንት ግን ሾፌራችሁ የኮቱን ቁልፍ ሊያስተክል ሱቄ ገባ። ማን እንደሆንኩ አላወቀም። «ሐሙስ ይሁን ያለው አለቃችን ነው» አለኝ። «አገሩ ነው መሰለኝ። በሌላ ቀን ከሄዳችሁ ዘመድ ነኝ ባዩ፣ ሥራ አስገባኝ ባዩ መኪናውን ይከበዋል፣ ሥራ አይሠራም ብሎናል። አሁን ሰው የለም ተብሎ ቦታው የከባድ መኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው።»

ቁልፉን ተክዬ ሸኘሁት። እሱ ምን አደረገ።

የሸሸኸው እኛን ነው። ሰው እንዳይለምንህ ሰው የማይኖርበትን ቀን መረጥክ፣ ከዚያ ሰው የለም በሚለው ወረቀት ላይ ፈረምክ። ጠልተኸን ቢሆን ይገባኝ ነበር። አንተ ግን አንድ ቀን እንዳንጨቀጭቅህ ብለህ ነው፣ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። የተወለድክበትን ቤት ለከባድ መኪና ማቆሚያ ሰጠኸው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ሲባል እሰማ ነበር፣ እንዲህ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ የማፍረሻው ማስታወቂያ መጣ። እማዬ ዓይኗ ስለደከመ እኔ አነበብኩላት። ሰማችኝና፣ «እነዚህ ሰዎች የማን ቤት እንደሆነ አላወቁም» አለች። «ለወንድምሽ ደውዪለት። እሱ ከሰማ ያስቆመዋል።» አክስታችን እኔ ጋ ትምጣ ብላ ብትልክባትም፣ «ልጄ ሲመጣ የት ያገኘኛል» ብላ እምቢ አለች። አንድ ዕቃ እንኳ አልሰበሰበችም።

ግርጌው ላይ ያለውን ስም አላነበብኩላትም። ዘለልኩት። ላንተ አዝኜ እንዳይመስልህ፣ የእሷን ፊት ለማየት አቅም አጥቼ ነው።

ሰኞ ሊያፈርሱ ይመጣሉ። እስከ እሑድ ና። ማስቆም ከቻልክ አስቁም፤ ካልቻልክ አጠገቧ ተቀመጥና «እኔ ነኝ» በላት። ካልመጣህ ወረቀቱን እንደገና አነብላታለሁ፣ በዚህኛው ጊዜ ግን እስከ ፊርማው ድረስ።

እህትህ